የሃምሳ ሦስት ሰው ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ

በአሜሪካ እግር ኳስ የጥሎ ማለፉ ወቅት በደረሰ ቁጥር የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ "ኮከቡ ኳርተርባክ በእርግጥ ታላቅ ነው ወይ?" የሚል። ኳርተርባክ የማጥቃቱን ጨዋታ የሚመራ፣ ኳሱን ለማን እንደሚወረውር በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚወስን ተጫዋች ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ከሁሉ በፊት የሚሞገሰው፣ ሲሸነፍም ከሁሉ በፊት የሚወቀሰው እርሱ ነው።

ክርክሩ ጎልቶ ከታየባቸው ጨዋታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ባፋሎ ቢልስ ባልቲሞር ሬቨንስን ያስተናገደበት ነው። የባልቲሞሩ ላማር ጃክሰን በ2019 እና በ2023 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። በ2024 መደበኛ ውድድርም 41 ታችዳውን አቀብሎ ያስጠለፈው 4 ኳስ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ እስከዚያች ዕለት ድረስ በጥሎ ማለፍ 3 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ተሸንፏል። ተቺዎቹም መስከረም ላይ ጀግና፣ ጥር ላይ ግን ባዶ እጁን የሚቀር አድርገው ይስሉት ነበር።

በጃክሰን ላይ ጥያቄው የሚበረታው በሌላም ምክንያት ነው። በ2018 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ፣ ኳርተርባክነቱን ትቶ ኳስ ተቀባይ ቢሆን ይሻለዋል ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ሬቨንስ የወሰደው በ32ኛነት ነው፤ የባፋሎው ጆሽ አለን ግን 7ኛ ሆኖ ተመርጧል። ጥቁር ተጫዋቾች ለረጅም ዘመን ከዚህ ቦታ እንዲርቁ ሲደረግ በኖረበት ስፖርት፣ እንዲህ ያለው ምክር ተራ ምክር ሆኖ አይሰማም። ስለዚህ ጃክሰን በተሸነፈ ቁጥር የሚጠየቀው ስለ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ለቦታው ብቁ ስለመሆኑም ጭምር ነው።

ጨዋታው ምን አሳየ? በመጀመሪያው አጋማሽ ጃክሰን አንድ ኳስ አስጠለፈ፤ ሌላው ደግሞ ከእጁ አምልጦ ተወሰደበት። ይህ የራሱ ጥፋት ነው፤ ማንም ሊሸፍንለት አይገባም። ሆኖም 1 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ሲቀር ታችዳውን አቀብሎ ውጤቱን 27 ለ 25 አደረሰው። አቻ ለመሆን በቀረችው የሁለት ነጥብ ሙከራ ለማርክ አንድሪውስ የወረወረው ኳስ ግን ተቀባዩ እጅ ላይ ደርሶ ወደቀ። ባልቲሞር ተሰናበተ። አንድሪውስ ኳሱን ይዞት ቢሆን ኖሮ የጃክሰን ውርወራ በምን ይሻል ነበር? በምንም።

"ጀግና የሚለየው በጭንቅ ሰዓት ነው" የሚሉ ወገኖች የቶም ብሬዲን 7 ዋንጫዎች ይጠቅሳሉ። መከራከሪያቸው ፍሬ የለውም አይባልም፤ በጥሎ ማለፍ ተጋጣሚው ይከብዳል፣ ስህተትም ይቅርታ የለውም። ነገር ግን ዋንጫ ብቻውን ሚዛን ከሆነ ፔይተን ማኒንግን ምን እናድርገው? በ2013 ውድድር 55 ታችዳውን አቀብሎ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በፍጻሜው ግን ቡድኑ ዴንቨር በሲያትል 43 ለ 8 ተረታ። በ2015 መደበኛ ውድድር ደግሞ 9 ታችዳውን ብቻ አቀብሎ 17 ኳስ አስጠለፈ፤ ዴንቨር ግን በፍጻሜው ካሮላይናን 24 ለ 10 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያን ዓመት ቡድኑን የተሸከመው የመከላከል ክፍሉ ነበር፤ የፍጻሜው ኮከብ የተባለውም ተከላካዩ ቮን ሚለር ነው። ከዓመታት በኋላ ለባፋሎ ተሰልፎ ከጃክሰን እጅ ያመለጠውን ኳስ አንስቶ የሮጠው ይኸው ሚለር ነበር።

አሸናፊው አለንም ቢሆን ከሳምንት በኋላ በካንሳስ ሲቲ 32 ለ 29 ተሸንፎ ተሰናበተ፤ ወቀሳውም ወደ እርሱ ዞረ። ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ የ2024 ውድድር ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ግን ያው አለን ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የአንድ ክለብ ዝርዝር 53 ተጫዋቾችን ይይዛል። ኳርተርባክ ሊመዘን የሚገባው ኳሱ በእጁ ሳለ ባደረገው ነው፤ ከእጁ ከወጣ በኋላ ለሆነው ሌሎቹም ድርሻቸውን ይውሰዱ።