በሬው ምን በልቶ ሞተ?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ሩቅ ሳይሄድ መሸንቲን ያገኛል። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፥ በቆሎ፥ ዳጉሳና ጤፍ ነው። በዚህ አገር በሬ ማለት ሀብት ብቻ አይደለም፤ ማረሻም፥ ዕዳ መክፈያም፥ ልጅ ማስተማሪያም ነው። ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ራሱን ችሎ ያርሳል፤ አንዱ የሞተበት እንደ ሆነ ግን መሬቱ በእጁ እያለ ቀንጃ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል።

እንግዲህ ማታ ደኅና ሆኖ የገባ በሬ ጧት አረፋ ደፍቆ ሲገኝ በመንደሩ የሚሰማው ቃል ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ «አባ ሰንጋ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠላት ነው ያበላው» ይላል። በሬው ምን እንደ በላ፥ ምን ያህል እንደ በላ፥ ከየት ውሃ እንደ ጠጣ የሚጠይቅ አራተኛ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ያ አራተኛ ሰው እኛ ተማሪዎች መሆን አለብን የሚል ነው።

ከሦስቱ ቃላት የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው። በመሬትና በከብት ምክንያት የተነሣ ጠብ ወዴት እንደሚያደርስ ለጎጃም አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ማስረጃ በሌለበት ቦታ ጥርጣሬ ዳኛ ይሆናል። የሞተው በሬ አንድ ነው፤ ጠቡ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ የመርዝ ዕውቀት የከብት ሐኪም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ሰላም ጉዳይ ነው።

የድሮው እረኛ በዚህ ረገድ አላዋቂ አልነበረም። አስተናግር እንደሚያሳብድ፥ የጉሎ ፍሬ እንደሚገድል ከአባቱ ተምሮ ከብቱን ከዚያ ያርቅ ነበር። ዛሬ በየቤቱ የገባው ነገር ግን ሌላ ነው። ዩሪያው በጆንያ፥ ማላታይንና ዳያዚኖን በጠርሙስ፥ ለአረም የሚረጨው ቱፎርዲ በጀሪካን፥ የአይጥ መርዙ በወረቀት ተጠቅልሎ ከእህሉና ከጨው አጠገብ ተቀምጧል። ስለ እነዚህ ማንም አያት ለልጅ ልጁ ያወረሰው ምክር የለም። ዕቃው ቀድሞ ገባ፤ ዕውቀቱ በኋላ ቀረ።

መርዝ ምንድን ነው? በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ፓራሴልሰስ ያስተማረው ዛሬም የትምህርቱ መሠረት ነው፤ ይኸውም አንድን ነገር መርዝ የሚያደርገውም የማያደርገውም መጠኑ ነው የሚል ነው። በዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመራል፤ የበላው ማን ነው? በየት በኩልስ ገባ? እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሰው የዚህን ትምህርት በር ከፈተ ማለት ነው።

ዩሪያን እንውሰድ። ለውሻ ያን ያህል የማያሰጋው ዩሪያ በሬን ይገድላል። ምክንያቱም በበሬ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ነፍሳት ዩሪያውን ፈጥነው ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ አሞኒያው ጉበት ሊያጠራው ከሚችለው በላይ ሲሆን በደም አማካይነት አንጎል ይደርሳል። ከብቱ ይንቀጠቀጣል፥ ይነፋል፥ አረፋ ይደፍቃል፥ ያገሳል፤ ብዙ ጊዜም በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ላልለመደ ከብት በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.5 ግራም የሚደርስ ዩሪያ አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ ነው። እንዲህ ከሆነ 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ ከ250 እስከ 375 ግራም ቢልስ በቂው ነው። በ50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ ከመቶ በሬ በላይ የሚገድል አለ ማለት ነው። ጆንያው ተቀዶ መሬት ላይ ሲፈስ ከብት ጨው መስሎት ይልሰዋል፤ ጠላት አልነበረም፤ የተቀደደ ጆንያ ነበር። ይኸው ዩሪያ ግን በልኩ በውሃ ተበጥብጦ ገለባ ላይ ተረጭቶ፥ ታፍኖ ሲሰነብት ገለባውን የተሻለ መኖ ያደርገዋል። መጠን ያልነው ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ መዥገር ነው። ለሽንኩርትና ለጎመን ትል የተገዛውን መድኃኒት በግምት በጥብጦ በከብት ገላ ላይ ማፍሰስ በብዙ ስፍራ የሚታይ ነገር ነው። እንደ ማላታይንና ዳያዚኖን ያሉት መድኃኒቶች በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባሉ። የሚያጠቁትም የነርቭን መልእክት በጊዜው የሚያስቆመውን ንጥረ ነገር ነው፤ መልእክቱ ሳይቆም ሲቀር ምራቅ ይዝረበረባል፥ ዕንባ ይፈሳል፥ የዓይን ብሌን ይጠባል፥ ተቅማጥ ይመጣል፥ ሥጋው ይርገፈገፋል፥ በመጨረሻም ትንፋሽ ያጥራል። የከብት ሐኪም በጊዜው ከደረሰ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ። የሚገርመው አትሮፒን እረኛው በሚሸሸው በአስተናግር ውስጥም የሚገኝ መሆኑ ነው፤ በልኩ የተለካው ያድናል፥ ያልተለካው ይገድላል። ከዚህ ተነሥቶ ግን አስተናግር ወቅጦ ለበሬ ማጠጣት አይገባም፤ በቅጠሉ ውስጥ ስንት እንዳለ ማንም በዓይኑ ሊለካው አይችልም።

ሦስተኛው የአረም መድኃኒት ነው። ቱፎርዲ ራሱ በከብት ላይ ያለው ጉዳት ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ነገር ግን የተረጨበት አረም ሲጠወልግ ጣዕሙ ይለወጥና ከብቱ ቀድሞ የሚሸሸውን መርዛም ቅጠል ይበላ ይሆናል። አንዳንዱም ተክል በዚያ ጊዜ ናይትሬት ያከማቻል፤ ይህ በጨጓራ ውስጥ ተለውጦ ደሙን እንደ ቡና ያጠቁረዋል፥ አየር እንዳይሸከምም ያደርገዋል። ስለዚህ ከጤፍ ማሳ የታረመን አረም ለጥጃ ከመስጠት በፊት «መቼ ተረጨ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ከተማም ለበግና ለፍየል የሚሰጠው ገራባ መድኃኒት ከተረጨበት የጫት ማሳ የመጣ ሊሆን ይችላልና ጥያቄው ያው ነው። ንብም ከከብት ይቈጠራል፤ አበባ ላይ በጠራራ ፀሐይ መርጨት የጎረቤትን ቀፎ ባዶ ማድረግ ነው። ንቡ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፥ ወደ ማታ መርጨት ግን ተጨማሪ ገንዘብ አያስወጣም።

መርዝ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይገድልም። ጓያ የሰውን እግር እንደሚያሽመደምድ ደንቢያና ፎገራ በመከራ የተማሩት ነው፤ ለረጅም ጊዜ የበላ ፈረስም ከዚያ አያመልጥም። ከዚህም ይልቅ የማይታየው በሻገተ መኖ ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን ነው። የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ባለሙያዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በአዲስ አበባና አካባቢዋ ያደረጉት በፈረንጆች 2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከ110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ በአውሮፓ ከተወሰነው ልክ፥ ማለት በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዋናው ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ጎጃም የኑግ አገር ነው፤ ፋጉሎውም በየወተት ላሙ ገበታ ላይ አለ። ላሚቱ ቆማ ትሄዳለች፥ ትታለባለች፤ መርዙ ግን ወደ ሕፃኑ ጽዋ ይወርዳል። ፋጉሎን ከእርጥበት መጠበቅና የሻገተውን መጣል የማንም አቅም የሚችለው ነው።

ከብት ከሞተ በኋላ ስለሚደረገውም መናገር ይገባል። ብዙ ሰው በሬው ሲያጣጥር «ሳይሞት ቢላዋ ይድረሰው» ብሎ ያርዳል፥ ሥጋውንም ይካፈላል። በሬው በመርዝ የታመመ ከሆነ መርዙን ለመንደሩ ማከፋፈል ነው፤ በአባ ሰንጋ ከሆነም በሽታውን። ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከታየ በፍጹም መክፈት አይገባም፤ ባለሙያ መጥራት፥ ውሻና ጥንብ አንሳ እንዳይደርስበት መጠበቅ፥ በጥልቅ መቅበር ነው። አባ ሰንጋ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ የከብት ሐኪሙ ከጨጓራው ውስጥ ካለው፥ ከጉበቱና ከኩላሊቱ በየብቻው በንጹሕ ዕቃ ወስዶ በብርድ ይላክ፤ የተረፈው መኖና የመድኃኒቱ ዕቃም አብሮ ይሂድ። «መርዝ መሆኑን እዩልኝ» ብቻ ብሎ መላክ አይጠቅምም፤ የትኛው መርዝ እንደ ተጠረጠረ ካልተጻፈ መርማሪው ከሺህ ነገር አንዱን ሲፈልግ ይውላል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሕግም አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፥ ስለ እንስሳት መድኃኒትና መኖ አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥተዋል። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥም ክልክል ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው በፋብሪካው ዕቃ የታሸገውን፥ ስሙ የተጻፈበትን ነው። መድኃኒቱ ተከፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ በገበያ ሲቸረቸር ስሙም፥ መጠኑም፥ ማስጠንቀቂያውም ከዕቃው ጋር ይቀራል። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆንም ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። ያንን ጠርሙስ አዋጅ ብቻውን አይደርስበትም፤ የሚደርስበት የተማረ ጎረቤት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? በዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች አሉን፤ በአንዳሳም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። ከዘንዘልማ እስከ መሸንቲ ያለው መንገድ ባሕር ዳርን ማቋረጥ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከመማሪያ ክፍል እስከ በረቱ ያለው መንገድ ከዚህ የረዘመ ሆኗል። ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲጀምር አሳቤን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በዕረፍት ጊዜ ወደ መሸንቲና ወደ አካባቢው የሚሄዱ ተማሪዎች ከሽማግሌዎችና ከእረኞች ጋር ተቀምጠው ከብት የሚገድሉትን ዕፅዋት በአገሩ ስም ይመዝግቡ። ይህ ዕውቀት ከሽማግሌዎቹ ጋር እየተቀበረ ነው።

ሁለተኛ፤ የመርዝን ምልክት፥ የመጀመሪያ ርዳታውንና የማይደረገውን የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍ በቀላል አማርኛ ተባዝቶ በየገበሬ ማሠልጠኛው፥ በየከብት ክሊኒኩና በየመድኃኒት ሻጩ በር ይለጠፍ። ወተትና ዘይት ለመርዝ ሁሉ ማርከሻ እንዳልሆነ፥ መዋጥ ላቃተው ከብትም በግድ ማጠጣት ወደ ሳንባ መላክ መሆኑን ያስረዳ።

ሦስተኛ፤ በድንገት የሞተ ከብት ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ በየክሊኒኩ ይኑር፤ ቀኑ፥ የበላው፥ የተረጨው፥ የታየው ምልክት ይጻፍበት። ዩኒቨርሲቲውም መዝገቡን እያየ የትኛው መርዝ በየትኛው ወር እንደሚበዛ ይንገር። ያልተቈጠረ ሞት ማንንም አያስተምርም።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እግርና ትዕግሥት ይጠይቃል። የመሸንቲ ገበሬ ከእኛ የሚፈልገው ረጅም ንግግር አይደለም። በሬው ወድቆ ባገኘው ጧት፥ ዓይኑ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ከመዞሩ በፊት፥ «አባቴ፥ ትናንት የት ዋለ? ምን በላ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።