ለአባት ድምፅ ቦታ ይከለል

እናቴ ከመሐል ሜዳ ስትደውል ሰላምታው ሳያልቅ «ይሄ ስልክ ሞላሁ ይላል፤ ምኑን ላጥፋው?» ትለኛለች። ስልኳ 16 ጊጋባይት ነው። ከዚያ ላይ ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ብዙውን ይወስዳል፤ የተረፈውን የበዓል ካርድና የሠርግ ቪዲዮ ይሻሙበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የዘር ሐረጋችንን ሲቆጥር የተቀዳው ድምፅ እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። «እማማ፣ ላጽዳልዎት» የሚል አንድ ጎረምሳ በደቂቃ ሊያጠፋው ይችላል።

ለመንዝ ሰው ጥቂቱን በሥርዓት መጠቀም እንግዳ አይደለም። የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት፣ በአባ ቀራ መሪነት፣ ለዓመታት ከልሎ ሲደርስ ያጭደው ነበር። ስልክም እንዲሁ ክልል ይፈልጋል።

ልጆች ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትወርዱ ይህን ብታደርጉ ደግ ነው።

ምንም ከማጥፋታችሁ በፊት የማይተካውን ወደ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ገልብጡ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር እንደሌለ ቁጠሩት።

ቀጥሎ ሦስት ፎልደር ክፈቱ፦ «ቤተሰብ»፣ «ሰነድ»፣ «የሚጠፋ»። ለፋይሉ ስም ስትሰጡ ዓመቱን አስቀድሙ፤ «2016-05-11 ጥምቀት» ካላችሁ በጊዜ ቅደም ተከተል ራሱ ይሰለፋል። ጳጉሜም 13 ተብላ ቦታዋን ታገኛለች።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጉት። የቴሌግራም ጊዜያዊ ፋይል ቢጸዳ መልእክቱ ውስጥ እስካለ ድረስ እንደገና ይወርዳል። ከዋትስአፕ የጠፋ ፎቶ ግን ላይመለስ ይችላል።

ሚሞሪ ካርድ ከጨመራችሁ ስለ ፋይል ሲስተም አንድ ነገር እወቁ። ፋይል ሲስተም ካርዱ ውስጥ ምን የት እንደተቀመጠ የሚይዝ መዝገብ ነው። 32 ጊጋባይትና ከዚያ በታች የሆኑ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ ፋት 32 በሚባለው ይሠራሉ፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅሙ የሠርግ ቪዲዮ ቦታ እያለ አልገባ ቢል ካርዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኤክስፋት የሚባለው ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ወደዚያ ለመቀየር ካርዱን ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። መጀመሪያ ገልብጡ።

ቦታ ጠቦን ነው ብላችሁ ግን ሽማግሌ ከመቅዳት አትቦዝኑ። የአንድ ደቂቃ ጥራት ያለው ቪዲዮ 100 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ ግን በመጠነኛ ጥራት ከተቀዳ 30 ሜጋባይት ይበቃዋል። የጭፈራውን ቪዲዮ ሌላም ዘመድ ቀርጾት ይሆናል። አያት ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የተቀዳው ድምፅ ግን ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው።