ኮሎሴዮ ፊት የተነሣሁት ፎቶ ውሸት ነበር

ናይሮቢም ካምፓላም ያላችሁ፣ ካርቱም የቀራችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼም። ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ይበለው።

ባለፈው ሳምንት ኢስሊ ያለው የእህቴ ልጅ በዋትስአፕ አንድ ፎቶ ላከልኝ። የራሴ ፎቶ ነው። በ2016 ሮም ኮሎሴዮ ፊት ቆሜ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሼ፣ ሁለት ጣቴን አውጥቼ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ደላላው ዋጋ ቀንሶልኛል። በሊቢያ በኩል ነው። ስደርስ እዚሁ ቦታ አብረን እንነሣለን» ብሎ ጽፏል። ስልኩን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ስለዚያ ፎቶ እውነቱን ልንገራችሁ። ጃኬቱ የጓደኛዬ ነው፤ በዚያ ቀን አምስት ሰው ተራ በተራ ለብሶ ተነሥቶበታል። ኪሴ ውስጥ ሦስት ዩሮ ነበረኝ። ኮሎሴዮ ውስጥ አልገባሁም፤ በቲኬት ነው። ያን ሌሊት ያደርኩት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካርቶን ላይ ነው። ፌስቡክ ላይ ግን «ሮም እንዴት ደስ ትላለች!» ብዬ ለጠፍኩት። እናቴ አሳጥባ ሳሎን ሰቀለችው። ልጁ እሱን እያየ አደገ።

እኔ ብቻ ነኝ? ስንቶቻችን ነን ፎንታና ዲ ትሬቪ ጀርባችንን ሰጥተን ሳንቲም ስንወረውር የተነሣን? ከዚያ ውሃ የሚለቀመው ሳንቲም በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሆናል፤ የሚሰጠውም ለካሪታስ ነው፤ ለችግረኞች። እና እኛ ማታ ተሰልፈን የምንበላው የካሪታስን ምግብ ነው። ቀን የወረወርነውን ማታ በላነው ማለት ነው። (ይህን ስጽፍ ራሴም ሳቅሁ።) ይህን ግን ማን ለጠፈ? ማንም።

«ምቀኛ ነህ፣ አንተ ከደረስክ በኋላ በሩን ልትዘጋ ነው» የሚለኝ አለ። ወንድሜ፣ በሩ የኔ አይደለም። ከጦርነት የሚሸሸውን ሰው አትሽሽ አልለውም፤ እኔም ሸሽቻለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ደላላ በልጆቻችን ላይ የሚነግደው በኛው ፎቶ ነው። የሚያሳየው የራሱን ፎቶ አይደለም፤ የኔንና ያንተን ነው። ያለ ክፍያ እየሠራንለት ነው።

«ታዲያ ስደተኛ ሰው አይደለም? አንድ ቀን አይዝናና?» ትላላችሁ። ይዝናና እንጂ! ሮምን እወዳታለሁ፤ ከተማዋ ምን በደለችኝ? ግን ስንዞር የምናየውን እንወቀው። ለፈረንጅ ቱሪስት የሚነገረውን ብቻ ይዘን መዞራችን ነው የሚቆጨኝ።

ተርሚኒ ፊት ያለውን አደባባይ የማያውቅ ሐበሻ ሮም ውስጥ የለም። ቀጠሮው እዚያ፣ አውቶቡሱ እዚያ፣ ሐሜቱም እዚያ። ስሙ ግን «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ሐውልታቸው ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ቆሟል፤ ድንጋዩ ደግሞ ከግብፅ የመጣ ነው። ስንት ዓመት አጠገቡ ቆሜ ስልክ ካርድ ስለምን ቀና ብዬ አላነበብኩትም።

ከኮሎሴዮ በእግር ትንሽ ወረድ በሉ፤ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። 24 ሜትር ድንጋይ በፋሺስት ዘመን ተወስዶ፣ በመርከብ ተጭኖ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1947 የሰላም ውል እመልሳለሁ ብላ ፈረመች፤ የመለሰችው በ2005 ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት! አጠገቡ ያለው ትልቁ የፋኦ ሕንፃ ለጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ቅኝ ግዛቶቻቸውን ሊያስተዳድሩበት። አሁን ስለ ረሃብ ይመከርበታል። ሐውልቱ የነበረበት አካባቢ ዛሬ የሴፕቴምበር 11 ሟቾች መታሰቢያ አለ። ለነሱ ነፍስ ይማር፤ እዚህ የኛ ነገር ቆሞ ነበር የሚል ግን እኔ አላየሁም።

ወደ ሳን ጆቫኒ ስትሄዱ የአምባ አራዳም መንገድ አለ። በዚያ ጦርነት ሕዝባችን የመርዝ ጋዝ ተነስንሶበታል። ጣልያኖች ዛሬም ለዝብርቅርቅ ነገር «አምባራዳን» ይላሉ። የሥራ ባልደረባዬ ወጥ ቤቱ ሲተራመስ ይህንኑ አለኝ። ከየት እንደመጣ ስነግረው ደነገጠ፤ ሰምቶ አያውቅም።

አንድ የሚያኮራም ልጨምር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተጀርባ፣ ቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ መነኮሳቶቻችን ኖረውበታል። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 49 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ ሆነው ነው። በዚያ ዘመን የመጣ ሐበሻ እንግዳ ተብሎ ማረፊያ ተሰጠው።

በኛ ዘመንስ? ከተርሚኒ አጠገብ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሂዱ። በነሐሴ 2017 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ሕንፃ ወጡ፤ አደባባዩ ላይ ሲያድሩ ፖሊስ በውሃ መድፍ በተናቸው። ብዙዎቹ የስደተኛ ወረቀት ነበራቸው። እኔ በዚያ ቤት አልነበርኩም፤ ጓደኞቼ ነበሩ። ጃኬቱን ያዋሰኝ ልጅ አንዱ ነው። ከኮሎሴዮ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ነው፤ እዚያ ፎቶ የሚነሣ ግን የለም።

ስለዚህ የድሮ ፎቶዎቻችሁን አታጥፉ። ከሥራቸው ግን ጻፉበት፤ ያን ቀን የት እንዳደራችሁ፣ ምን እንደበላችሁ። እኔ የኔን ትናንት ጽፌበታለሁ፤ ወርዳችሁ እዩት። እናቴ ደውላ አለቀሰች፤ እሱም ይምጣ።

ሮም ያላችሁ ደግሞ እሁድ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ዶጋሊ ሐውልት ሥር እጠብቃችኋለሁ። በእግር ነው፤ ክፍያ የለውም። ልጆቻችሁን አምጡ።

ለእህቴ ልጅ የድምፅ መልእክት ልኬለታለሁ፤ ከካርቶኑ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶታል፤ ምልክቷ ሰማያዊ ሆናለች። እስካሁን አልመለሰልኝም። ኢስሊ ያላችሁ፣ የምታውቁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።