የቤተሰብ ማዕዘን፦ ሲኒ በጠረጴዛ ላይ ስለሚተወው ክብ

በዚህ ሳምንት የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ቢመስልም በብዙ ቤት ኩርፊያ ያስከተለ ነው። ይኸውም ትኩስ ሲኒ ወይም እርጥብ ብርጭቆ በጠረጴዛ ላይ ትቶት የሚሄደው ክብ ምልክት ነው። የወታደር ቤተሰብ ዕቃ ብዙ አይደለም። ከምድብ ወደ ምድብ በጭነት መኪና የሚጓዘው አንዱ ጠረጴዛ ልጆች ያጠኑበታል፣ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ እንግዳ ይስተናገድበታል። ስለዚህም ምልክቱ በታየ ጊዜ «ማን ነው ያስቀመጠው?» የሚለው ምርመራ ይጀመራል፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ በትንሹ ልጅ ላይ ይወድቃል። እኛ ግን ከምርመራው አስቀድሞ የምልክቱን ቀለም መመልከት ይገባል እንላለን።

ምልክቱ ነጭ ከሆነ እንጨቱ አልተነካም። እርጥበቱ ወይም ሙቀቱ የደረሰው እንጨቱን በሸፈነው ሎስትሮ ወይም ቫርኒሽ ውስጥ ብቻ ነው። ምልክቱ ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው ሽፋኑን አልፎ ከእንጨቱ ገብቷል ማለት ነው። የሁለቱ መድኃኒት ፈጽሞ የተለያየ ሲሆን፣ ይህን ሳይለዩ የብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ መፈግፈግ ክቡን ሳይሆን ጠረጴዛውን ማጥፋት ነው። በተለይ ገጹ ስስ የእንጨት ልባጥ የሆነ ኮምፔልሳቶ ጥቂት ከተፈገፈገ ውስጡ ይወጣል፤ ያን ደግሞ የሚመልሰው የለም።

አናጢዎቻችን ሎስትሮ የሚቀቡት ጎማላካ የተባለውን ሙጫ በአልኮል አሟሙተው ነው። ሙጫው በህንድና በአካባቢዋ አገሮች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከምትኖር ትንሽ ተባይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ እዚህ በቁረይሻና በገዳሪፍ ሜዳ ግን ወደ 98 ይጠጋል። እንግዲህ የቆላው ጀበና ከደጋው ጀበና የበለጠ ይፋጃል። በምሥራቅ ሱዳን ጀበና በዚያው ስሙ የሚታወቅ፣ ከዝንጅብል ጋር የሚፈላ፣ ከሐበሻውም ከአገሬውም ቤት የማይጠፋ በመሆኑ ነጩ ክብ በድንበሩ ወዲህም ወዲያም የሚታወቅ እንግዳ ነው።

ነጩን ምልክት ለማስለቀቅ የመጀመሪያው ሥራ መታገሥ ነው። አዲስ እርጥበት በደረቁ ወራት በአንድና በሁለት ቀን ራሱ ተንኖ ሊጠፋ ይችላል፤ በክረምት ይዘገያል። ካልጠፋ ንጹሕና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አጥፎ በምልክቱ ላይ ማንጠፍ፣ ለስስ ልብስ በሚበቃ ለብታ የሞቀ ካውያ ለጥቂት ሴኮንድ ማሳረፍ፣ ወዲያው አንሥቶ ማየት ነው። እየደጋገሙ ጥቂት በጥቂት መሥራት እንጂ አንድ ጊዜ ተጭኖ መቆየት አይገባም፤ ሽፋኑን ያሟሟዋል። የከሰል ካውያ ሙቀቱ ስለማይታወቅ አስቀድሞ ከጠረጴዛው ሥር፣ ዓይን በማያየው ስፍራ መሞከር ይበጃል።

በካውያ ያልለቀቀውን በወንፊት ጨርቅ የተነፋ ድቅቅ አመድ ከጥቂት ዘይት ጋር አዋሕዶ በጣት ጫፍ፣ የእንጨቱን መሥመር ተከትሎ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። አመዱ የሽፋኑን የላይኛውን ገጽ በጥቂቱ ይልጋል። ለዚህ የአካባቢያችን የሰሊጥ ዘይት በቂ ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማበስ፣ ቢገኝም በሰም መወልወል። ቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ቅቤ ምልክቱን ለጊዜው ይሸሽገዋል፣ ኋላ ግን ይሸታል፣ አቧራም ይሰበስባል። በአልኮል የሚጠርጉም አሉ። ጎማላካ በአልኮል የሚሟሟ መሆኑን ከላይ ስለገለጽን፣ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ባይሞክረው እንመርጣለን።

ሲኒው ሽፋኑን አቅልጦ የታተመ ጉድጓድ ትቶ እንደሆነ ወይም ሽፋኑ አረፋ አውጥቶ እንደሆነ በማሸት አይመለስም። ያን ጊዜ አናጢ ጠርቶ ሎስትሮውን ማሳደስ ነው።

ስለ ጥቁሩ ምልክት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በብዙ እንጨት ውስጥ ቆዳ የሚያለፋው ታኒን የተባለ ነገር ይገኛል። ሱዳኖች ሱንት የሚሉት የግራር ዓይነት፣ አልጋና ወንበር የሚሠራበት፣ በዚህ እጅግ የበለጸገ ነው፤ ፍሬው ለቆዳ ማልፊያ ያገለግላል። ውሃው ከቆርቆሮ ጣሳ፣ ከዛገ ምስማር ወይም ከብረት ድስት ሥር ብረት ይዞ ወደ እንዲህ ያለው እንጨት ሲገባ ብረቱና ታኒኑ ተዋሕደው ይጠቁራሉ። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የመጻፊያ ቀለማቸውን የሠሩት በዚሁ ውሕደት ነበርና ጠረጴዛችን ላይ ያለው ነጠብጣብ እውነተኛ ቀለም ነው ማለት ይቻላል። ሽፋን በሌለው እንጨት ላይ የሎሚ ጭማቂ ጥቂት ያደበዝዘዋል፤ ከቀቡት በኋላ በንጹሕ ውሃ አብሶ በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል። አናጢዎች የሚጠቀሙበት ኦክሳሊክ አሲድ ግን መርዝ ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ባይገባ ይሻላል።

ያልተቀባ የዋንዛ በርጩማ ውሃ ፈስሶበት ዳር ዳሩ መሥመር ቢያወጣ ሌላ ዘዴ አለው። መላውን ገጽ በእርጥብ ጨርቅ እኩል አብሶ በጥላ ማድረቅ ነው፤ መሥመሩ ብዙውን ጊዜ ይደበዝዛል።

ከሁሉ የሚቀለው ለጀበናው ማቶት፣ ለሲኒው ረከቦት ማኖር፣ የሚያልበውን የውሃ ዚር ደግሞ ከእንጨት ማራቅ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳ ሲኒውን ባስቀመጠ ቁጥር ብድግ ብሎ መወልወል ከክቡ ይልቅ ያሳፍራል። እንግዳው ከሄደ በኋላ ይደረስበታል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። እንጨት ለማወዛት የተልባ ዘይት የምትጠቀሙ ሁሉ፣ ዘይቱ አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙቀት ያወጣል። የራሰው ጨርቅ ተጨብጦ በጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ሊነድድ ይችላል። ከዝናብ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ጣሪያው ሣር በሆነበት በዚህ አገር ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውሃ በሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ዝፈቁት።