ወፎቹ መንገዱን ከማን ይማራሉ?

ኅዳር ሲገባ በሱሉልታ ሜዳ ወይም በቢሾፍቱ ዙሪያ ባሉት ረግረጎች ያለፈ ሰው፣ ክረምቱን ያልነበሩ እንግዶች ያያል። ቁመታቸው የ5 ዓመት ልጅ ያህላል። እግራቸው ረጅም፣ ላባቸው ግራጫ ነው፤ ከታጨደ ማሳ ላይ የተራረፈ እህል ይለቅማሉ። ፈረንጆቹ ክሬን ይሏቸዋል። የግንባታው ማሽን ስሙን ያገኘው ከእነሱ ረጅም አንገት ነው፤ የአዲስ አበባ ልጆች የሚያውቁት ግን ማሽኑን ብቻ ነው። ወፎቹ የሚመጡት ከሩቅ ሰሜን ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ ከታሰረላቸው መካከል የአውሮፓን ብርድ እዚህ እኛ አገር ሲያሳልፉ የተገኙ አሉ።

በዚህ ዓምድ ስለ ወፍ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በዚያ መንጋ ውስጥ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ ጫጩቶች አሉ። መንገዱን ከዚህ በፊት አይተውት አያውቁም። በእናትና በአባታቸው መካከል ሆነው፣ ከፊታቸው የሚበረውን እያዩ ነው እዚህ የሚደርሱት። ልጆቻችን ባሕር ማዶ ለሆኑብን፣ የልጅ ልጆቻችንን በስልክ ለምናሳድግ ሰዎች ይህ ነገር ወሬ ብቻ አይደለም። ሰሞኑን ያነበብኳቸው መጻሕፍትም እየዞሩ እዚሁ ጥያቄ ላይ ያመጡኛል፤ መንገዱ በደም ይወረሳል ወይስ ከትልቅ ይማሩታል?

የሰው ልጅ ወፎች ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ጽፏል፤ የምትሄድበትን አገር ግን አልነገረንም። አርስቶትል አንዳንዶቹ ወፎች ብርድ ሲመጣ ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ ይለወጣሉ ብሎ ያምን ነበር። ኦላውስ ማግኑስ የተባለው የስዊድን ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ1555 ባሳተመው መጽሐፍ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለው ትንንሽ ወፎች ክረምቱን ውኃ ሥር ተቃቅፈው ያሳልፋሉ ይላል። ዓሣ አጥማጆች በመረብ ሲያወጧቸው የሚያሳይ ሥዕልም አለው። ቻርልስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ደግሞ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወፎቹ ወደ ጨረቃ ይሄዳሉ፣ መንገዱም 60 ቀን ይፈጃል ብሎ ጻፈ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ግን ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ያልተመለሰ ሰው ወዴት እንደሄደ ሲጠፋን እኛስ ስንት ነገር እናስባለን?

መልሱ በ1822 በአንዲት ሽመላ አንገት ላይ ተሰክቶ መጣ። በሰሜን ጀርመን፣ ክሉትስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አንድ ሽመላ ተመቶ ወደቀ። ሰዎቹ ቀርበው ሲያዩት 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ጦር አንገቱን በስቶ አልፏል፤ እንጨቱም የአፍሪካ እንጨት ነው። ወፉ አፍሪካ ውስጥ ተወግቶ፣ ጦሩን እንደ ተሸከመ በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ ቤቱ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ከነጦሩ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ይህን ታሪክ ለ6 ዓመቱ የልጅ ልጄ ስነግረው ስለ ሳይንሱ ግድም አልሰጠው። «ያን ሁሉ ተርፎ እዚያ ገደሉት?» አለኝ። እኔም ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። አንዳንዱ ወፍ መንገዱን ይዞት ይወለዳል። ኩኩ የምትባለው ወፍ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቷ ወላጆቿን ሳታይ አድጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻዋን ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ትበራለች። በ2022 ደግሞ የ5 ወር ዕድሜ ያለው ጎድዊት የሚባል የባሕር ጠረፍ ወፍ ከአላስካ ተነሥቶ አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ ደሴት አረፈ። 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን፤ ምግብ የለ፣ ዕረፍት የለ። የ5 ወር ልጅ እኛ ዘንድ ገና ትራስ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ሆላንዳዊው ተመራማሪ ፔርዴክ በ1958 ያሳተመው ጥናት ነው። ስታርሊንግ የሚባሉ ትንንሽ ጥቁር ወፎች በመጸው ወራት ሆላንድን አቋርጠው ወደ ሰሜን ፈረንሳይና ወደ ደቡብ እንግሊዝ ይሄዳሉ። ፔርዴክ በጉዟቸው ላይ ሳሉ ከ11,000 የሚበልጡትን ይዞ፣ ምልክት አሰረላቸውና በአውሮፕላን ወደ ስዊዘርላንድ ወስዶ ለቀቃቸው። ከመንገዳቸው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አስወጣቸው ማለት ነው። መንገዱን ከዚህ በፊት የሄዱበት ትልልቆቹ ቦታው እንደ ተለወጠባቸው ዐውቀው፣ አቅጣጫቸውን አስተካክለው ወደ ለመዱት አገር ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዙት ወጣቶቹ ግን ከሆላንድ ሲነሡ በያዙት አቅጣጫ ቀጥ ብለው በረሩና ደቡብ ፈረንሳይና ስፔን ገቡ። አቅጣጫ ነበራቸው፤ ቦታ ግን አልነበራቸውም። ከዚህም የሚገርመው፣ ከእነዚህ ወጣቶች መካከል በሚቀጥሉት ዓመታት ሲበጋ ወደ ተወለዱበት አካባቢ እየተመለሱ፣ ብርዱ ሲመጣ ግን ወደ ስፔን የሚሄዱ ነበሩ። ማንም ሳይነግራቸው የደረሱበት አገር አገራቸው ሆነ።

ይህን አንብቤ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» እንላለን። የስታርሊንጎቹ አገር የትኛው ነው? የልጅ ልጆቼን እዚህ ዘመድ ሲያገኛቸው «አገራችሁ እኮ ያ አይደለም፣ ይህ ነው» ይላቸዋል። ደስ አይለኝም። የተወለዱበትን አገር ከልጆች ቀምቶ ሌላ መስጠት አይቻልም። መንገዱን መንገር ግን ይቻላል፤ እናታቸው ከየት ተነሣች፣ ለምን ተነሣች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ምን ነበር።

ወፍን ከሰው ጋር ማመሳሰሉ የማያስኬድበት ቦታም አለ። ወፍ ቪዛ አይጠየቅም። ክሬኗ የካቲት ሲያልቅ እንደምትመለስ ታውቃለች፤ ልጄ ስትሄድ ግን «ለ2 ዓመት ነው» ብላኝ ነበር፤ አሁን 14 ዓመት ሆናት።

ስለዚህ ወደ ልብ ወለዶቹ። የመጀመሪያው የስዊድናዊቷ ሴልማ ላገርሎፍ የኒልስ ታሪክ ነው። የስዊድን መምህራን ለትምህርት ቤት ልጆች አገራቸውን የሚያሳውቅ ማንበቢያ እንድትጽፍላቸው ጠይቀዋት፣ በ1906 እና በ1907 በሁለት ክፍል አወጣችው። እሷም ራሷ መምህር ነበረች፤ በ1909 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ተቀበለች። ኒልስ እንስሳትን የሚያሠቃይ ሰነፍ ልጅ ነው። አውራ ጣት አክሎ ይቀርና፣ የቤት ዝይ ጀርባ ላይ ሆኖ ከዱር ዝይዎች ጋር አገሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። የመንጋው መሪ አካ የምትባል አሮጊት ናት። ጉልበት የወጣቶቹ ነው፤ የት እንደሚታደር፣ ቀበሮ ከየት እንደሚመጣ የምታውቀው ግን እሷ ናት። አያቶች ይህችን መጽሐፍ ቢወዷት አይገርመኝም።

በመጽሐፉ ውስጥ ስለ አንዲት ባላገር አሮጊት የሚተርክ ምዕራፍ አለ። ኒልስ አንድ ምሽት ከተጎሳቆለ ግቢ ይደርሳል። ላሟ አልታለበችም፤ ታሪኩን የምትነግረውም እሷው ናት። የቤቱ እመቤት ልጆቿን ለፍታ አሳደገች፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ እርሻው ጠፍ ሆነ። ያን ምሽት ሴትዮዋ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ሞታለች። ግድግዳው ላይ የሄዱት ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ፎቶግራፎች አሉ። ኒልስ ፈርቶ ይወጣል፤ ግን ይመለስና ብቻዋን እንዳትሆን አጠገቧ ይቀመጣል። ይህ ተረት ብቻ አልነበረም። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ዛሬ ሰው የሚሰደድባት ስዊድን፣ ያኔ ሰው የሚሰደድባት ሌላ ዓይነት አገር ነበረች፤ ልጆቿ ጥለዋት ይሄዱ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ፎቶ የሰቀለ ሁሉ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አልናገርም።

ሁለተኛው መጽሐፍ አንድ ቃል እንኳ የለበትም። አውስትራሊያዊው ሾን ታን በ2006 ያሳተመው ሲሆን ርእሱ በእኛ ቋንቋ «መድረስ» ወይም «መምጣት» እንደ ማለት ነው። የሾን ታን አባት ራሳቸው ከማሌዥያ ወደ አውስትራሊያ የሄዱ ናቸው። አንድ አባት ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ትቶ ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል። በከተማው የተጻፈው ፊደል ሠዓሊው ራሱ የፈጠረው ስለሆነ ማንም አያነበውም፤ አንባቢውም እንደ ሰውየው መሃይም ይሆናል። እንጀራ ፍለጋ ሲዞር የተለጣፊ ማስታወቂያ ሥራ ያገኛል፤ ፊደሉን ስለማያውቅ ሁሉንም ዘቅዝቆ ይለጥፈዋል።

ቃል የሌለው መጽሐፍ እንደ እኛ ላለ ቤተሰብ የተላከ ነው። የ9 ዓመቷ የልጅ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ክረምት ሲመጡ ይህንን መጽሐፍ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን «አነበብን»። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፤ ማንም ማንንም አላረመም። የመርከቡን ጉዞ ርዝመት ለማሳየት ሁለት ገጽ ሙሉ ትንንሽ የደመና ሥዕል አለ። ቆጠረችው፤ 60 ነው። «ማሚም እንደዚህ ብዙ ቀን ፈጀባት?» አለችኝ። አይ፣ በአንድ ሌሊት ነው የደረሰችው አልኳት። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ እንደነበረ፣ ኪሎው በልጦ ቦሌ ላይ ድርቆሹን አውጥተን እንደ መለስነው ነገርኳት። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገራትም።

የተዘቀዘቁት ማስታወቂያዎች ላይ ስንደርስ ልጅቷ ሳቀች። ልጄ ከማድ ቤት ሰምታ መጣች። ሥዕሉን ቆማ አየችና፣ በሄደች በሁለተኛው ሳምንት አውቶቡስ በተቃራኒው አቅጣጫ ተሳፍራ እስከ መጨረሻው ፌርማታ መሄዷን ነገረችን። ሰው ለመጠየቅ አፍራ፣ በበረዶ ውስጥ በእግሯ ተመለሰች። ወቅቱ ጥር ነበር። ያን ሳምንት ደውላልኝ ነበር፤ ያለችኝ «ደህና ነኝ እማ፣ ሁሉ ነገር ጥሩ ነው» ነው። 14 ዓመት ሙሉ ይህንን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ልጇም አታውቀውም። ሁለታችንም አንድ ቀን፣ አንድ ሶፋ ላይ ሰማነው።

ይህ ዓምድ ከሚደርሳቸው መካከል ተገላቢጦሹን የሚኖሩ እንዳሉ አውቃለሁ። እናት ቤይሩት ወይም ጅዳ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ የእሷን ልጅ አያት እዚህ ታሳድጋለች። ለእናንተ የሾን ታን መጽሐፍ ከኒልስ ይቀርባችኋል፤ የሚሄደው ወላጅ ነው፣ የምትጠብቀው ልጅ ናት። አባትየው ደብዳቤውን በወፍ ቅርጽ አጥፎ ይልክላታል። የመለያየቱ ገጾች መጀመሪያ ላይ ስለሆኑ ሕፃኑ እዚያው ሊያለቅስ ይችላል። ገጹን ቶሎ አትግለጡበት። መጨረሻው ላይ እንደሚገናኙ ቀድማችሁ ብትነግሩት እኔ አልቃወምም፤ ታሪኩ የሚበላሽበት ለትልልቆች ነው።

ይህ መጽሐፍ ውድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሻንጣው ሳይሞላ ንገሩት። ኒልስ ግን የቅጂ መብቱ ጊዜ ስላለፈ በእንግሊዝኛ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ረጅም ስለሆነ በአንድ ምሽት አንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ እንግሊዝኛ የሚችል የቤቱ ልጅ እያነበበ ለአያቱ በአማርኛ ቢነግር ደግሞ ለሁለቱም ይጠቅማል። የባላገሯን አሮጊት ምዕራፍ ግን መጀመሪያ ብቻችሁን አንብቡት። እኔ ለልጅ ልጆቼ ገና አላነበብኩላቸውም። ለእናታቸው በቴሌግራም ልኬላታለሁ።