የወለመ እግር ከመታሸቱ በፊት

በቦንጋ አካባቢ ዝናም ሲበዛ ቁልቁለቱ ያዳልጣልና፣ ከቅዳሴ ወይም ከገበያ ሲመለሱ እግራቸው የሚወለም ብዙዎች ናቸው። ወዲያው ወጌሻ ይጠራል፤ ቅቤም ይሞቃል። እኛም ባለፈው ሰኔ አንድ ተማሪያችን በወደቀ ጊዜ ይህንኑ ለማድረግ ቸኵለን ነበር።

ወጌሻን አንነቅፍም፤ ለብዙ ቤት ደርሷልና። ነገር ግን ከማሸት በፊት መመርመር ይቅደም። የካናዳ ሐኪሞች በኦታዋ ከተማ በ1984 ዓ.ም. ያወጡት መመሪያ ለቤተ ሰብም አይከብድም። እግሩ ካልጠመመና ካልቈሰለ፣ ታማሚው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ይችላልን? የቁርጭምጭሚቱን ጉብታዎች፣ የውስጡንም የውጭውንም፣ ከኋላ ጠርዛቸውና ከጫፋቸው ሲጫኑት አጥንቱን ያመዋልን? በትንሿ ጣት በኩል ያለው የእግሩ ጎንስ? መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱ ካመመው፣ ሳይታሽና ሳይሳብ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ።

ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው ግን የቀርከሃውን እስር ነው። እጅግ የጠበቀ እንደ ሆነ ደም ያግዳል። ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፣ ቢገረጡ ወይም ቢደነዝዙ፣ ሕመሙም ቢብስ፣ እስሩ በዚያችው ሰዓት ይፈታ፤ «እስኪነጋ ይታገሥ» በመባሉ እግሩ የተቈረጠ ሕፃን በአገራችን ጥቂት አይደለም።

ያ ተማሪያችን ሦስት እርምጃ ሄዶ በአራተኛው ተቀመጠ። ራጅ ሲነሣም አጥንቱ ተሰብሮ ተገኘ።