ደጅ ያስከፈተ ቤት ይፍረስን?

«የዘር መለያየት ሕግ ከተሻረ ወዲህ፥ በአሜሪካ ለጥቁሮች የተመሠረቱት ኮሌጆች ምን ይሠራሉ?» የሚሉ አሉ። አነጋገሩ ለጆሮ ያምራል፤ ሲመረምሩት ግን ውለታ መርሳት ነው። ኮሌጆቹ የተመሠረቱት ጥቁሮች መለየትን ስለ ወደዱ ሳይሆን፥ የሌላው ደጅ ስለ ተዘጋባቸው ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1867 የተመሠረተው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ግን ደጁን በማንም ዘር ላይ አልዘጋም። የኛው ዶክተር መላኩ በያንም የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት በዚያው ነው። በ1933 ከዚሁ ቤት በሕግ የተመረቀው ቱርጉድ ማርሻል፥ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግቶ፥ ተማሪዎችን በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን በ1954 አስፈረደ። እንግዲህ ደጅ ያስከፈተው ቤት፥ ደጁ ተከፈተ ተብሎ ይፍረስን? ሕግ ደጅ ይከፍታል እንጂ፥ የድኻውን ልጅ እጁን ይዞ አያስገባም። እነዚህ ቤቶች ግን ይህን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያደርጉ ኖረዋል።